ነዳጁ ለብቻ ይቆጠር

እኔ ቀኑን የሰው ገንዘብ ስቆጥር የምውል፣ ማታ ማታ ደግሞ የስንኝ ቀለም ስቆጥር የማመሽ ሰው ነኝ። ቆጠራ አያቅተኝም ለማለት ነው። እንዲህ ያለው ሰው በገዛ ከተማው ሐይቅ ላይ፣ በገዛ እናቱ ፊት፣ ሒሳብ ስቶ አንድን ወጣት «ሌባ» ብሎ እንደ ሰደበ ሲናገር ምን ያህል እንደሚያፍር አንባቢ ይገምትልኝ። መናዘዝ ግን ለብቻው ጽሑፍ አይሆንም። ከዚያ ቀን ወዲህ ጓደኞቼን ያሰለቸሁበት አንድ ክርክር አለኝና እርሱን እዚህ ላኑረው።

ነገሩ የሆነው በ2017 ዓ.ም. በወርኃ ጥር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ነበር። የአዲስ አበባ ሰው ለመዝናናት 275 ኪሎ ሜትር ያህል አቋርጦ ወደ ሐዋሳ ይመጣል፤ የሐዋሳ ሰው ግን ዕረፍት ሲያገኝ የት እንደሚሄድ ግራ ይገባዋል። መዝናኛው ሁሉ ከደጁ ነው፤ ከደጅ ያለ ነገር ደግሞ ነገ ይደረስበታል እየተባለ ዓመታት ያልፋሉ። እናቴ ለዚህ ምስክር ናት። በዚህች ከተማ ከ40 ዓመት በላይ ኖራለች። ሐይቁን በድስቷ ታውቀዋለች፤ ቆሮሶውን ጠብሳ፣ አምባዛውን ወጥ ሠርታ አሳድጋናለች። በጀልባ ግን አንድ ቀን እንኳ ወጥታበት አታውቅም። ጠይቀናት ነበር። «ውሃ ከዳር ሆነው ቢያዩት ይበቃል» ትል ነበር። በዚያ ጥር ግን ሰባት ዓመት የሞላት ልጄ አያቷን እጇን ይዛ «ካልመጣሽ እኔም አልሄድም» ስትላት፣ እሺ አለች። እኔም እንዲህ ያለው ዕድል ተመልሶ አይመጣም ብዬ ከሰው ጋር ተጋፍተን እንዳንሄድ ጀልባውን በሙሉ ልከራየው ወሰንሁ፤ በባለጀልባዎች ቋንቋ «ኮንትራት» ማለት ነው።

በማለዳ አሞራ ገደል ደረስን። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን እየፈቱ፣ አባ ኮዳዎቹም እንደ ጡረተኛ ዳኞች አንገታቸውን ቀብረው የዓሣ አንጀት እስኪወረወርላቸው እየጠበቁ ነበር። አንድ ወጣት ቀረበንና «ጋሼ፣ ኮንትራት ነው ወይስ ከሰው ጋር?» አለኝ። ጉማሬ አይተን ለመመለስ 2,500 ብር ጠራ። እኔም ባንክ ቤት ውስጥ የማላገኘውን የክርክር ሥልጣን እዚህ በማግኘቴ ደስ ብሎኝ በ2,000 ብር አስማማሁት። ፊቱ ትንሽ ጠቆር ሲል አይቻለሁ። በድርድር ላይ የተለመደ ትወና ነው ብዬ አለፍሁት። (የከተማችን ሰው በአምስት መቶ ብር ሲረታ የሚሰማውን ደስታ የሚገልጽ ቃል እስካሁን አላገኘሁም።)

ወጣን። ወደ ጥቁር ውሃ ወንዝ መግቢያ አቅጣጫ ነበር የሄድነው። ሞተሩ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚጠጣ አሮጌ ሞተር ነው። ጩኸቱ ንግግር አያስችልም። ልጄ አፏን ትከፍታለች እንጂ ምን እንደምትል አይሰማኝም። እናቴ ነጠላዋን በሁለት እጇ ጨምድዳ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር፤ ጸሎት መሆኑ ነው። ጉማሬዎቹን አየናቸው፤ ሁለት ጥንድ ጆሮና አንድ የተድበለበለ ጀርባ። ልጄ በቂ ሆኖ አገኘችው። ፎቶ ተነሣን። ዞረን ተመለስን።

ታዲያ ስንመለስ ሐይቁ መካከል ገደማ ስንደርስ ሞተሩ ጸጥ አለ። ተበላሸ ብዬ ደነገጥሁ። ወጣቱ ግን ሳይቸኩል ሞተሩን ከውሃው አውጥቶ አጋደመውና ከወለሉ ላይ ሁለት መቅዘፊያ አንሥቶ መቅዘፍ ጀመረ።

«ምን ሆነ?» አልሁት።

«ምንም አልሆነም ጋሼ። ከዚህ ወዲያ ነፋሱም ያግዘናል፤ ቀስ ብለን እንገባለን።»

«የከፈልሁት ለሞተር ነው እኮ!»

ዝም ብሎ ቀዘፈ። ያን ጊዜ ነው ያን ቃል የተናገርሁት። የነዳጅ ሌባ ነህ አልሁት። ከማኅበራችሁ ሄጄ እከስሃለሁ አልሁት። ረዳቱ፣ አሥራ አምስት ዓመት የማይሞላው ልጅ፣ አንገቱን ደፋ። ቀጥዬም ብዙ ልናገር ነበር፤ እናቴ ግን ዓይኗን ገልጣ «ተው አንተ፤ እስቲ ዝም በል» አለችኝ። ከዚያም ወደ ወጣቱ ዞራ «ልጄ፣ እንዲሁ ሂድልኝ» አለችው።

ዝም አልሁ። እናቴ እጇን ከነጠላው አወጣችና ጣቶቿን ውሃው ውስጥ ነከረች። የመቅዘፊያው ድምፅ፣ ውሃው ከጀልባው ጎን ሲላፋ፣ ከሩቅ ከዳር የአንድ ሰው ሳቅ፤ ሌላ ምንም አልነበረም። ታቦር ተራራ ከከተማው በላይ ቁጭ ብሎ ያየናል። ልጄ «እማማ፣ ከታች ምን አለ?» ብላ ጠየቀቻት፤ እናቴም በልጅነቷ የሰማችውን የውሃ ተረት ታወጋት ጀመር። እኔ ያንን ተረት ነግራኝ አታውቅም። ምናልባት በእኛ የልጅነት ዘመን ቤቱ ሁልጊዜ ጫጫታ ስለ ነበረበት ይሆናል።

ዳር ልንደርስ ስንቃረብ ከራሴ ጋር ታርቄ፣ ወጣቱን በለሰለሰ አንደበት ስለ ቤንዚን ዋጋ ጠየቅሁት። ሳያማርር ነገረኝ። ማደያ ለጀልባ አይቀዳም፤ ምክንያቱም ጀልባ ወደ ማደያ መሄድ አይችልም። በጀሪካን ለመቅዳት ደብዳቤ ያሻል፤ ደብዳቤው ቢገኝም ሰልፍ አለ፤ ሰልፉ ቢያልቅም ቤንዚን የለም የሚባልበት ቀን ይበዛል። የነዳጅ ክፍያ በ2015 ዓ.ም. በስልክ ብቻ እንዲሆን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የሰሌዳ ቁጥር ይጠየቃል። «ለጀልባዬ ታርጋ ላውጣላት እንዴ ጋሼ?» ብሎ ሳቀ። ስለዚህም ከመንገድ ዳር በጀሪካን ይገዛል። ያን ሰሞን አንዱን ሊትር በ160 ብር ገዝቻለሁ አለኝ። ለዚያ ጉዞ ደርሶ መልስ አሥር ሊትር ይፈጃል። ጀልባዋ የራሱ አይደለችም፤ ከወጪ የተረፈው ከባለቤቱ ጋር እኩል ይካፈላል።

ማታ ቤት ገብቼ ከልጄ ደብተር አንድ ገጽ ቀደድሁና ቆጠርሁ። ያስማማሁት ዋጋ 2,000 ብር። አሥር ሊትር ቤንዚን በ160፣ 1,600 ብር። ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀለው ዘይት ወደ 100 ብር። የቀረው 300። የባለቤቱ ድርሻ 150። ለረዳቱ 50። ለቀዛፊው 100 ብር። በክርክር የረታሁበት አምስት መቶ ብር ከቤንዚኑ ሻጭ ኪስ አልወጣም፤ ከዘይቱም አልወጣም፤ ከወጣቱና ከባለቤቱ ድርሻ ብቻ ነው የወጣው። እንግዲህ ሞተሩን በማጥፋቱ ሦስት ሊትር ያህል ተርፎታል ብንል 480 ብር ይሆናል። «ሰረቀኝ» ያልሁት ይህን ነው፤ ሰርቆኝም ከሆነ በገዛ ክንዱ ቀዝፎ ነው የሰረቀኝ።

ሌላም ቁጥር አለ፤ ይህ ይበልጥ አስተከዘኝ። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ማብቂያ መንግሥት የታለመ የነዳጅ ድጎማ ሲጀምር የአንድ ሊትር ቤንዚን ተመን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። አሥር ሊትሩ 478 ብር ከ30 ማለት ነው። ያ ወጣት በቀዘፋ ያተረፋት የሦስት ሊትር ዋጋ ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት መላውን ጉዞ ደርሶ መልስ ትሸፍን ነበር። በ2017 ዓ.ም. የገና ሰሞን ተመኑ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። ከዚያ ወዲህም ጨምሯል። ድጎማው የታለመው ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪ ነበር፤ ሽርሽር የሚያወጣ የኮንትራት ጀልባ በዚያ መዝገብ አልገባም፤ መግባት ነበረበት ብዬም አልከራከርም። የሚያሳፍረኝ ሌላ ነገር ነው። የውጭ ምንዛሬ ተመን በየጠዋቱ በቅርንጫፋችን ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ዓይኔ ሥር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ሥርዓቱ ሲለወጥ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ወራት ከመቶ በላይ ሲወጣ በየዕለቱ አይቻለሁ። አገራችን ነዳጅዋን ከውጭ በዶላር እንደምትገዛም አውቃለሁ። እነዚህን ሁለት እውቀቶች ግን አሞራ ገደል ድረስ ይዣቸው አልሄድሁም፤ ከቢሮ ስወጣ ከኮቴ ጋር እዚያው ሰቅያቸው ነበር የወጣሁት።

ያን ማታ ስንኝም ሞክሬ ነበር። ከአራት መሥመር አላለፈም፤ እነሆ፦

ነዳጁ ነዶ አልቆ ፥ ነጂው ብቻ ቀረ፣
ክንዱን ሞተር አርጎ ፥ ውሃውን ሰበረ፤
ፊት ለፊቱ ሆኜ ፥ ሳንቲም እቆጥራለሁ፣
«የሰው ላብ በሊትር ፥ ስንት ነው?» እላለሁ።

አሁን ወደ ክርክሬ ልምጣ። እኔ የምለው በሐይቃችን ላይ ጀልባ ሲከራይ ነዳጁ ለብቻ፣ የሰውና የጀልባው ዋጋ ለብቻ ይቆጠር ነው። እኛ የለመድነው «በጠቅላላው ስንት?» ብለን መጠየቅ ነው። ጠቅላላ ዋጋ ለተከራዩ ምቹ ይመስላል፤ ነገር ግን ውስጡ ምን እንዳለ አይታይም። ቤንዚን ሲወደድ ባለጀልባው ስግብግብ ይመስላል። ተከራይ ሲከራከር የሚቀነሰው የሰው ድካም ነው፤ የቤንዚን ዋጋ በክርክር አይቀንስምና። ስለዚህም ጉዞው በኩርፊያ ይጀመራል፣ በኩርፊያ ያልቃል። ሐዋሳ ዳርቻ ላይ «ዘረፉን» እያሉ የሚመለሱ እንግዶችን ስንቴ ሰምቻለሁ፤ እኔም አብሬ «እውነታችሁን ነው» ብያለሁ።

ይህ ሐሳብ ከራሴ የፈለቀ አይደለም። በአሜሪካ የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለኝ። ከጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ ወደ ብሪቲሽ ቨርጂን ደሴቶች ሄዶ ለአንድ ሳምንት «ካታማራን» ተከራይቶ ነበር፤ ሁለት አካል ጎን ለጎን የተጣመረበት፣ በየጎኑ ለየብቻ ሞተር ያለው፣ መኝታና ማብሰያ ያለው ጀልባ ነው። ፎቶውን ሲልክልኝ በቅናት አልተኛሁም። በስልክ ሲያወጋኝ ግን ከባሕሩና ከአሸዋው ይልቅ ያስረዘመው የነዳጁን ታሪክ ነው። ኪራዩ ነዳጅን አይጨምርም። ጀልባው ታንኩ ሞልቶ ይሰጣል፤ ሲመለስም ታንኩ ሞልቶ መመለስ አለበት። መካከል ላይ የሚቃጠለው የተከራዩ ዕዳ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከደሴት ወደ ደሴት በሙሉ ጉልበት ሲያስሮጡት ሰነበቱ። በሦስተኛው ቀን መለኪያውን አዩና ተያዩ። በውሃ ላይ ፍጥነት ውድ ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ፍጆታው ከእጥፍ በብዙ ይበልጣል። ከዚያ ወዲያ እንደ በሬ እያዘገሙ ሄዱ። «የባሕር ኤሊ ያየነው ከዚያ በኋላ ነው» አለኝ።

ልብ በሉ፤ እዚያ ማንም ባለጀልባውን ሌባ አላለውም። የሚነደው ነዳጅ በተከራዩ ዓይን ፊት ስለሚለካ፣ ተከራዩ ከባለጀልባው ጋር መጣላቱን ትቶ ከገዛ ችኮላው ጋር ተጣላ። ያ ወጣት የእኛን ሞተር ያጠፋው ለብቻው ወስኖ ነው፤ እነዚያ ግን የራሳቸውን ሞተር ራሳቸው አበረዱ። ይህን ልዩነት ያመጣው ባሕሩ ወይም ሀብታቸው አይመስለኝም፤ የሒሳቡ አያያዝ ነው።

(የካታማራን ስም ከወደ ደቡብ ሕንድ ከታሚል ቋንቋ የመጣ ነው፤ «የታሰረ እንጨት» ማለት ነው። ደንገል አስረው ታንኳ የሚሠሩትን የጣና ሰዎች አስታወሰኝ። የሀብታም መዝናኛ ከመሆኑ በፊት ያ ጀልባ ዘመዳችን ነበር።)

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ስነግረው አልተዋጠለትም። «አንተ ሰው ወደ መቅዘፊያ ዘመን ልትመልሰን ነው» አለኝ። የእርሱ ምኞት ሌላ ነው። በ2017 ዓ.ም. መገባደጃ «ጣና ነሽ 2» የተባለችው ትልቅ ጀልባ ከጅቡቲ ወደብ በከባድ ተሽከርካሪ ተጭና በየብስ ወደ ጣና ስትጓዝ፣ እንደ ብዙው ሰው ምስሏን ከስልኩ ላይ እያየ ተደንቋል። ለሐዋሳም እንዲህ ያለ ወይም መንታ አካል ያለው ፈጣን ጀልባ ይምጣላት ይላል። ምኞቱን አልንቀውም፤ ትልቅ ጀልባ ወጪው ለብዙ ሰው ስለሚከፋፈል ለአንድ ሰው የሚደርሰው ነዳጅ ሊያንስ ይችላል። ነገር ግን ጣና ጣና ነው። እኛ ያለን 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋትና ከ22 ሜትር እምብዛም የማያልፍ ጥልቀት ያለው ሐይቅ ነው። ከወዲህ ዳር ቆሞ የወዲያኛው ዳር በዓይን ይታያል። በፍጥነት ተሂዶበት የት ይደረሳል?

ደግሞም ሐይቃችን የሚታይ መውጫ የለውም። ጥቁር ውሃ ይገባበታል፤ ከላዩ ግን ወንዝ አይወጣበትም። ዘይት ከቤንዚን ጋር እየቀላቀሉ የሚነዱት እነዚያ አሮጌ ሞተሮች ከሚጠጡት ነዳጅ ከፊሉን ሳያቃጥሉ ከጭሱ ጋር ወደ ውሃው ይተፉታል። ጠዋት ዳር ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት ተንሳፍፎ አይታችሁ ይሆናል። ልጆች ያምራል ይላሉ። ያ ቅባት በ160 ብር የተገዛ ቤንዚን ነው፤ ሳይሠራበት የፈሰሰ። ከዚያው ውሃ ነው ቆሮሶው የሚወጣው።

ነዳጁ ለብቻ ይቆጠር ስል የሚነሣብኝን ጥያቄ አውቀዋለሁ፤ «ባለጀልባው ሊትሩን ቢያጋንንስ?» ይሉኛል። ያጋንን ይሆናል። ለዚህ ግን መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ጀሪካኑ ነጭ ፕላስቲክ ነው፤ ውስጡ ያለው ቤንዚን ከውጭ ይታያል። ጎኑ ላይ በየሊትሩ መሥመር ማስመር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ስንሄድ እዚህ ነበር፣ ስንመለስ እዚህ ሆነ፤ አለቀ። ማደያ ለጀልባ የሚቀዳበት ሕጋዊ መንገድ በሥርዓት ቢበጅ ደግሞ ዋጋው የመንገድ ዳር ዋጋ መሆኑ ይቀራል። በዚያ ጥር በተመኑና በመንገድ ዳሩ ዋጋ መካከል የነበረው ልዩነት በአሥር ሊትር 585 ብር ከ30 ሳንቲም ነበር። ይህ ገንዘብ የባለጀልባውም የተከራዩም አልሆነም፤ ሦስተኛ ሰው በላው። እኔና ወጣቱ በሐይቁ መካከል ስንጣላ ያ ሦስተኛ ሰው ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር።

በማግሥቱ አሞራ ገደል ተመልሼ ሄድሁ። ወጣቱ እንግዶች ይዞ ወጥቶ ነበርና አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅሁት። ሲመጣ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ የተከራከርሁባትን አምስት መቶ ብርም ሰጠሁት። ገንዘቡን ተቀበለኝ። ስለ ይቅርታው «ምን ችግር አለው ጋሼ» አለ፤ አነጋገሩ ግን ችግር እንደ ነበረው ያስታውቃል። የግጥሙን ነገር አልነገርሁትም።

ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ወጥተናል፤ ሁልጊዜም ከእርሱ ጋር ነው። ከመነሣታችን በፊት ጀሪካኑን ያሳየናል፤ ጎኑ ላይ ልጄ በቀይ ቀለም ያሰመረችው መሥመር አለ፣ ሁለት ቦታ ላይ ተጣሟል። ባለፈው እሑድ ዋጋ ለመነጋገር አፌን ከመክፈቴ በፊት እናቴ ቀደመችኝ። አንድ እግሯን ጀልባው ውስጥ አድርጋ፣ ትከሻውን ተደግፋ፣ «ልጄ፣ ያንን ጯሂ ዛሬ የት ላይ ነው የምታጠፋልኝ?» ስትለው ሰማኋት።